የመመለሻው ነዳጅ

በቦሌ በሚገኘው ጽሕፈት ቤታችን ለሾፌሮች፣ ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ጧት የምንናገርበት ጉዳይ ከመድረክ የሚነገር አይመስልም። ስለ ጀሪካን ነው። ከገርጂ፣ ከጎሮ፣ ከሲኤምሲና ከሰሚት አጥቢያዎች የመጣችሁ ወገኖቻችን ስለ እህሉና ስለ ሕፃናቱ ልትሰሙ እንደ መጣችሁ እናውቃለን። ሾፌሮቻችን ደግሞ፣ «ስለ ነዳጅ ለእኛ ማን ሊነግረን ነው?» ማለታችሁ አይቀርም፤ እውነታችሁንም ነው። ሁለታችሁም ጥቂት ታገሡን። ስለ እህሉም ስለ ሕፃኑም እንናገራለን፤ መንገዱ ግን በጀሪካኑ በኩል ያልፋል።

እንደምታውቁት መኪኖቻችን ከዚህ ግቢ ሲወጡ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳሉ። አንዱ በመገናኛ፣ በሲኤምሲና በአያት አልፎ፣ ለገጣፎንና ሰንዳፋን ይዞ፣ በደብረ ብርሃን ወደ ወሎ የሚወስደው ነው። ሁለተኛው ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ይዞ በአዳማና በአዋሽ ወደ አፋርና ወደ ሐረርጌ የሚወርደው ነው። ከተማ ውስጥ ሳለን ማደያ እንደ ሱቅ በየመንገዱ ዳር ስለሚታየን፣ ነዳጅ ከመሬት የሚፈልቅ ይመስለናል። ነገር ግን በአገራችን የሚጣራ ነዳጅ የለም። እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ በአሰብ በኩል ይመጣልን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዋናው በር ጅቡቲ ነው። ቦቴዎቹ 900 ኪሎ ሜትር ያህል በጋላፊና በአፋር በረሃ ተጉዘው ነው አዲስ አበባ የሚደርሱት። መንገዱ በጎርፍ ቢቆረጥ፣ ቦቴው ቢዘገይ፣ ወይም ክፍያው ቢጓተት፣ በገጠሩ ከተማ ማደያ ላይ «ናፍጣ የለም» የሚል ካርቶን ይሰቀላል። ካርቶኑ ምክንያት አይጽፍም።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። በመካከላችን ያሉ አባቶች የካቲት 1966 ዓ.ም.ን ያስታውሳሉ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ምክንያት የዓለም የዘይት ዋጋ ናረ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የቤንዚን ጭማሪ ያስቆጣቸው የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። በሩቅ አገር የተነሣው ነገር መገናኛ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። በደርግም ዘመን ነዳጅ በኩፖን ይታደል ነበር። የወጣቶቹ ትውልድ ደግሞ በማደያ ደጃፍ ተሰልፎ ማደርን በራሱ አይቶአል።

በቅርብ ዓመታት ያየነው ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰመራና በአብዓላ በኩል እህል ጭነው ወደ ትግራይ ከገቡት ከ400 በላይ የጭነት መኪኖች ውስጥ፣ እስከ መስከረም 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ የተመለሱት 38 ብቻ መሆናቸውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታወቀ። ስለ ምክንያቱ ወገኖች የተለያየ ነገር ተናገሩ፤ እኛ በዚያ ክርክር አንገባም። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ግን ሾፌሮቹ የመመለሻ ነዳጅ ማጣታቸው ነበር። ያልተመለሰ መኪና ደግሞ ሁለተኛውን ጭነት ሊያመጣ አይችልም። በዚያው ዓመት በጥር ወር አንዳንድ የርዳታ ድርጅቶች ነዳጃቸው አልቆ፣ ሠራተኞቻቸው የቻሉትን ያህል በእግራቸው እየሄዱ ያደርሱ ነበር። እህል በመጋዘን እያለ ሰው የሚራብበት ጊዜ እንዳለ ያን ጊዜ ተረዳን። የጎደለው ዱቄት ሳይሆን ዱቄቱን የሚያደርሰው ናፍጣ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ይህን የምንናገረው ደስ እያለን አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንዱ መኪናችን ወደ ባቲ አካባቢ ተልኮ ነበር። ሾፌሩ በዕድሜም በሥራም የቆዩ፣ ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው፤ ስማቸውን እንዳናነሣ ለምነውናል። የላንድክሩዘሩ ታንክ 90 ሊትር ይይዛል። ከዚህ እስከ ኮምቦልቻ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጭነት ይዞ የጣርማበርን ዳገት የሚወጣ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ይጠጣል ብንል፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ በታንኩ የሚቀረው 38 ሊትር ገደማ ነው። በዚያ ይሞላል ተብሎ ታሰበ። በዚያ ግን ካርቶኑ ተሰቅሎ ነበር። ጋሼም፣ «ፖርቶመጋላው ላይ ሁለት ጀሪካን አለን፤ 40 ሊትር ነው፤ ሠርተን ለመመለስ ይበቃናል» ብለው ጉዞአቸውን ቀጠሉ። ሒሳባቸው ትክክል ነበር።

ሁለት ቀን በየቀበሌው ሲዞሩ ሰነበቱ። በሁለተኛው ቀን ማታ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ፣ በምግብ እጥረት ሰውነቱ ያበጠ የሁለት ዓመት ሕፃን እንዳለና ፈጥኖ ሆስፒታል መድረስ እንደሚገባው ነገረቻቸው። እናቱ ከተራራው ሌሊት ወርዳ በጧቱ 12 ሰዓት መኪና መንገዱ ዳር ሕፃኑን ይዛ እንድትጠብቅ፣ መኪናችንም ከዚያ አንሥቶ እንዲወስዳት ቃል ተገባላት። ቃሉን የገባነው እኛ ነን። ሠራተኛችን በስልክ ጠየቀን፤ «እሺ በላት» አልን።

ጋሼ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ጀሪካኑን በታንኩ ለመገልበጥ ሸራውን ገለጡ። አንደኛው ጀሪካን ባዶ ነበር። በሁለተኛው ውስጥ ሲነቀነቅ የሚሰማው ከሁለት ሊትር አይበልጥም። ያችንም ጨምረው ተነሡ። እናቲቱ ካለችበት 11 ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው መኪናው ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሾፌሮች ሁሉ መገመት ትችላላችሁ። ጋሼ ባልደረባችንን ከመኪናው ጋር ትተው በእግራቸው ሄዱ፤ ከትንሽ ከተማ ደርሰው፣ በመንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው በቢጫ የዘይት ጀሪካን የተቀዳ 10 ሊትር በሦስት እጥፍ ዋጋ ገዙ፤ በባጃጅ ተመለሱ። የናፍጣ ሞተር ደረቅ ብሎ ከቆመ በኋላ ነዳጅ ስለ ተጨመረለት ብቻ አይነሣም፤ በመስመሩ የገባውን አየር ማስወጣት ያስፈልጋል። አስወጡ። ተነሣ፤ ጥቂት ሄዶ እንደ ገና ቆመ። በናፍጣው ውስጥ ውኃ ነበረበት። ማጣሪያውን ፈትተው፣ አፍስሰው፣ መልሰው አሰሩ። ከቦታው ሲደርሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኖ ነበር። እናቲቱ በዚያ አልነበረችም።

ከጥላው ሥር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነገራቸው። እስከ 5 ሰዓት ጠብቃለች። ከዚያ ማሽላ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ከመንገዱ መካከል ቆመችበት። ሾፌሩ ወርዶ ሕፃኑን አየው፤ ረዳቱን ከጭነቱ ላይ አውጥቶ እናቲቱን በጋቢናው አስቀመጣት። ሕፃኑ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኖ ወጣ። ዛሬ በሕይወት አለ። ያደረሰው ግን የእኛ መኪና አይደለም፤ ስሙንም የማናውቀው ሰው ነው። በኋላ ብንፈልገው አላገኘነውም።

ጉዳዩ ሲመረመር ሌባ አልተገኘም። መኪናው ከመነሣቱ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ በዚህ በተቀመጣችሁበት አዳራሽ ደጋፊዎቻችንን ጠርተን ስለ ፕሮጀክቱ ፊልም እናሳይ ነበር። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ጥቂት ሠርቶ ናፍጣ አለቀበት። አንድ ሰው፣ «የባቲው መኪና ጀሪካን አለ» አለ። እኛም፣ «ቅዱ፤ ነገ ይተካል» አልን። ይህን ያልነው ዛሬ ከፊታችሁ ቆመን የምንናገረው እኛው ነን። ነገ ማንም አልተካውም። የመኪናው የምርመራ ቅጽ ደግሞ ቀደም ብሎ በሳምንቱ ተሞልቶ ነበር፤ «መጠባበቂያ ነዳጅ፦ አለ» ይላል፤ ፊርማም አለበት። ጋሼ ያንን ፊርማ አምነው ተነሡ። ፊልሙ በምግብ እጥረት ስለ ተጎዱ ሕፃናት የሚናገር ነበር።

አንድ ነገር እንጨምር። ጋሼ ከኪሳቸው ለገዙት 10 ሊትር ደረሰኝ ማምጣት ስላልቻሉ፣ ሒሳብ ክፍላችን ገንዘባቸውን ለሁለት ወር ያህል ሳይተካላቸው ቆየ። ስለዚህም በሁላችሁ ፊት ይቅርታ ጠይቀናቸዋል።

በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ጌታችን ስለ ዐሥሩ ደናግል የተናገረውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ስለ መትጋት ይሰበክበታል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ቃሉን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ዐሥሩም መብራት ይዘው ወጡ። ዐሥሩም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልባሞቹን ከሰነፎቹ የለየው በማሰሮ የተያዘው ተጨማሪ ዘይት ብቻ ነው። ማሰሮውንም ያስፈለገው የሙሽራው መዘግየት ነው። ሙሽራው በተባለው ሰዓት መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ አምስቱ ማሰሮዎች በከንቱ የተሸከሙት ሸክም ተብለው በተሣቀባቸው ነበር። ጀሪካንም እንዲሁ ነው። ዐሥር ጊዜ ወጥቶ ዐሥር ጊዜ ሳይነካ ይመለሳል። ሁለት የተሞሉ የብረት ጀሪካኖች ከነማቀፊያቸው 42 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ከግማሽ ኩንታል ጥቂት ነው የሚያንሰው። ስለዚህ አንድ ደጋፊያችን በቅን ልብ፣ «በዚያ ፈንታ ዱቄት ብትጭኑ አይሻልም?» ብሎ ጠይቆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሳችን፣ አይሻልም ነው፤ ምክንያቱንም ከዚህ በላይ ነግረናችኋል።

ከዚያው ምሳሌ ሌላ የሚያስቸግር ነገር አለ። ልባሞቹ ሲለመኑ አላካፈሉም። ያለውን ማካፈል ሥራው ለሆነ እንደ እኛ ላለ ድርጅት ይህ ቃል ጕሮሮ ላይ የሚቆም ነው። ብዙ ተወያይተንበታል። የደረስንበትም ይህ ነው፤ የመጠባበቂያው ነዳጅ የእኛ ስላልሆነ እንደ ልባችን ልንሰጠው አንችልም። ገና ከግቢው ሳይወጣ ለአንድ ሰው ተሰጥቶአል፤ ያን ሰው ገና አላየነውም እንጂ በመንገዱ መጨረሻ ይጠብቃል። በዚያች ማታ ለፊልሙ የቀዳነው ናፍጣ የድርጅቱ ትርፍ መስሎን ነበር። የዚያች እናት ነበር።

ይህን ካልን በኋላ አንዱ ሾፌራችን ከገዋኔ ወዲህ ያደረገውንም መናገር ይገባናል። ሕመምተኛ የጫነ አምቡላንስ ናፍጣ አልቆበት ቆሞ አገኘ። መኪናውን አቁሞ በመጀመሪያ ወረቀት አወጣ። እስከሚቀጥለው ማደያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ቀረው፣ ማደያውም ባዶ ቢሆን እስከሚከተለው ስንት እንደሚሆን ጻፈ። ከዚያ ከ40 ሊትር 15ቱን ሰጠ፤ ሰዓቱንና የአምቡላንሱን ሰሌዳ በጉዞ መዝገቡ አሰፈረ። ይህን ወንድም አልገሠጽነውም፤ አመሰገንነው። ሁለቱ ነገር እንዴት ይስማማል የሚል ቢኖር፣ ሁልጊዜ በቀላሉ አይስማማም ብለን እንመልሳለን። ሾፌሩ ግን፣ «ብሰጥ መንገድ ላይ የሚቀረው ማን ነው?» ብሎ ከመስጠቱ በፊት ጠይቆአል። እኛ በአዳራሹ አልጠየቅንም።

በዚህ ንግግር መካከል ሦስት ጊዜ ያህል አውሮፕላን ከጣራችን በላይ ሲያልፍ ድምፃችን እንደ ተዋጠ አይታችኋል። ቦሌ ነውና ለምደነዋል። ከእነዚህ ሰዎች የምንማረው አለ። አብራሪ ለመድረሻው የሚበቃውን ብቻ ቀድቶ አይነሣም። ትንሿ አውሮፕላን እንኳ በቀን ስትበር ከመድረሻዋ በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ የሚሆን ነዳጅ ይዛ እንድትቀር ደንብ አለ፤ አብራሪው ያን ነዳጅ እንደ ሌለ አድርጎ ነው ጉዞውን የሚያሰላው። ነዳጅ ወደማይገኝበት ሜዳ የሚሄድ አውሮፕላን የመመለሻውን ከተነሣበት ይዞ ይሄዳል፤ በዚያም ልክ ጭነቱ ይቀንሳል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከዚሁ ከቦሌ እህል ጭነው ወደ ሰሜን ሲመላለሱ የነበሩትን የብዙ አገሮች አውሮፕላኖች የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ነዳጅና እህል በአንድ ሚዛን ላይ ሲመዘኑ መኖራቸው የእኛ ፈጠራ አይደለም።

ሌላውን ነገር በአክብሮትና በኀዘን እናነሣዋለን፤ ዘመዶቻቸውን ያጡ ወገኖች በመካከላችን ሊኖሩ ይችላሉና። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 961 በረራ በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለዚያ እንደማይበቃ ደጋግመው ነገሩአቸው። ጠላፊዎቹ ግን ያ ዓይነት አውሮፕላን 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል በአየር መንገዱ መጽሔት አንብበው ስለ ነበር አላመኑአቸውም። ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ከባሕር ላይ ወደቀ። በውስጡ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ተረፉ። መጽሔቱ አልዋሸም ነበር። የጻፈው ታንኩ ሊይዝ ስለሚችለው ነው፤ በዚያ ጧት በታንኩ ስለ ነበረው አልነበረም። የእኛን ስሕተት ከዚያ ታላቅ ኀዘን ጋር ልናነጻጽረው አንደፍርም፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ የተጻፈን ልክ በታንክ እንዳለ አድርጎ ማመን ምን እንደሆነ ከዚያ ተምረናል። 40 ሊትር የሚይዙ ጀሪካኖች ነበሩን፤ 40 ሊትር ግን አልነበረንም።

አሁን ሾፌሮችና የፕሮጀክት ሠራተኞች በተለይ አድምጡን፤ ነዳጅ መያዝ ራሱ ሰው ሊገድል ይችላልና።

ጀሪካን ስንል የቱን ነው? የብረቱ ጀሪካን የጀርመን ጦር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ያሠራው ነው። እንግሊዞች ጀርመኖችን በቅጽል «ጄሪ» ይሉአቸው ስለ ነበር ስሙ ከዚያ ወጣ። በላዩ ሦስት መያዣ ያለው በከንቱ አይደለም፤ ሁለት ሰው ቢሆን በዳርና በዳሩ ይዘው ይሸከሙታል፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለቱን ያነሣል። በእኛ አገር ግን ዛሬ ጀሪካን ሲባል ሰው የሚያስበው ቢጫውን የዘይት ፕላስቲክ ነው። እናቶቻችን ውኃ የሚቀዱበት እርሱ ነው። ነዳጅ በዚያ አይቀዳ። ክዳኑ ያፈሳል፤ በፀሐይ ይለሰልሳል። ከሁሉ የሚብሰው ግን አንድ ቀን ባዶውን አንድ ሰው «ለውኃ ይሆነኛል» ብሎ መውሰዱ ነው፤ ናፍጣ የገባበት ፕላስቲክ ምንም ቢታጠብ አይጠራም። በሞተር ብስክሌት የምትሠሩ ወጣቶችም በሃይላንድ ቤንዚን ይዛችሁ መሄድ ተዉ። የጠማው ሕፃን ቤንዚንን ከውኃ አይለይም።

ናፍጣና ቤንዚን አንድ አይደሉም። ናፍጣ የሚነድ ተን የሚሰጠው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ብርድ እንኳ ይህን ተን ይሰጣል፤ ተኑም ከአየር የከበደ ስለሆነ በወለል ላይ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ስለዚህ በመኪኖቻችን ቤንዚን በመጠባበቂያ አይጫንም። ናፍጣውም ቢሆን ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታው ሕመምተኛንና ነፍሰ ጡርን ያሳምማል፤ መኪናው ቢገለበጥም በሰው ላይ ይፈሳል። ከመኪናው ኋላ በውጭ የሚሰቀለውን ማንጠልጠያም አልወደድነውም፤ ከኋላ የመጣ መኪና መጀመሪያ የሚመታው እርሱን ነው። ከፖርቶመጋላው በፊት በኩል፣ በቀበቶ ታስሮ፣ ቆሞ ይሂድ።

ስትሞሉ ጀሪካኑን ከመኪናው አውርዳችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት፤ በቆመበት ላይ የሚከማች የኤሌክትሪክ ብልጭታ አለና። እስከ አፉ አትሙሉት። ቦሌ ጧት 10 ዲግሪ ሲሆን የተሞላ 20 ሊትር ናፍጣ፣ ሚሌ ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሊትር ያህል ይጨምራል፤ የሚሄድበት ቦታ ከሌለው ክዳኑን ይገፋል። በብረቱ ጀሪካን ልክ 20 ሊትር ከተቀዳበት ባዶ ቦታ በራሱ ይተርፈዋል፤ ከዚያ በላይ መጨመር ስስት ነው።

ነዳጅን በቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣትን ብዙዎቻችሁ ከልምድ ታደርጉታላችሁ። እባካችሁ ተዉት። ወደ ሆድ ከሚገባው ይልቅ ወደ ሳንባ የሚገባው ጥቂት ጠብታ ይገድላል። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ሲመለስ ነው ወደ ሳንባው የሚገባው፤ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። በየመኪናው ማጥለያ ያለው መቅጃና ረጅም አፍ ያለው ማፍሰሻ እንዲኖር ገዝተናል። በየምክንያቱ ከመንገድ ዳር መግዛት ቢመጣ፣ ማጥለያው ቆሻሻውን ይይዛል፤ ውኃውንና የተቀላቀለበትን ነጭ ጋዝ ግን አይለይም። ከመንገድ ዳር መግዛት የመጨረሻው መጨረሻ እንዲሆን የምንለምናችሁ ለዚህ ነው።

ሕጉንም እናንሣ። ማደያዎች ያለ ፈቃድ በጀሪካን እንዳይሸጡ በመንግሥት ተከልክለዋል፤ ነዳጅ እየተሰወረ በጥቁር ገበያ መሸጡ ስለ በዛ ነው። እኛ ከሕግ በላይ አይደለንም፤ የርዳታ ድርጅት መሆናችንም የማንንም ዓይን ሊሸፍን አይገባም። የፈቃድ ደብዳቤው ከመኪናው ሰነድ ጋር ይኖራል፤ ክፍያውም እንደ ማንኛውም ሰው በስልክ ይከፈላል። ደብዳቤ አለን ብለን በሰልፍ ያደረውን ሰው ገፍተን አንቅዳ። በጀሪካን የወጣ ናፍጣ ሳይመዘገብ ቢጎድል፣ በከተማው ውስጥ ስንት እንደሚያወጣ ሁላችን እናውቃለን፤ ፈተናው እውነተኛ ፈተና ነው፤ በመካከላችን የወደቀ የለም ብለን አንመጻደቅም። እንግዲህ ሾፌርን ከመጠርጠር ይልቅ መዝገቡን ማስተካከል ይሻላል ብለን፣ የሚከተለውን ወስነናል።

ጀሪካኖቹ በግቢው ሞልተው አይቀመጡም። መኪናው ከጉዞ ሲመለስ ያልተነካው ናፍጣ በታንኩ ይገለበጣል፤ እንደ ገናም በመነሻው ዋዜማ አዲስ ይሞላል። እንዲህ ሲሆን ናፍጣው አያረጅም፤ ለጄኔሬተርም የሚበደር አይገኝም። ጄኔሬተሩ የራሱ በርሜል ተገዝቶለታል። እርሱ ሲያልቅ ስብሰባው በጧፍ ይቀጥላል ወይም ይበተናል። የምርመራው ቅጽም ተለውጦአል፤ «አለ» የሚለው ቃል ወጥቶ፣ ጀሪካኑን በእጁ ያነሣው ሰው ስምና የተነሣበት ሰዓት ይጻፋል። የሚያነሡትም ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሾፌሩ፣ ሌላው ከጽሕፈት ቤቱ። ሾፌር በመንገድ ላይ ያለ ደረሰኝ ለመግዛት ቢገደድ፣ ሁለት ምስክር ካለው ገንዘቡ በሳምንቱ ይተካለታል። በጉዞው ዕቅድ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨምረናል፤ «በመንገዱ ያለው ማደያ ሁሉ ባዶ ቢሆን ከየት ላይ ተመልሰን እንዞራለን?» ይላል። ጋሼ ናቸው ያስጨመሩት።

ለአብያተ ክርስቲያናቱ ተወካዮች የምንለምነው አንድ ነገር አለ። የብረት ጀሪካን፣ ማሰሪያ ቀበቶና ማጥለያ በፎቶግራፍ አያምሩም። ሕፃን ታቅፎ የሚታይበት ሥዕል ብዙ እጅ ይዘረጋል፤ ይህኛው አይዘረጋም። በጀታችን ላይ «የመኪና መሣሪያዎች» የሚለውን መስመር ስታዩ ቀንሱ አትበሉን። ስለ ሾፌሮቻችንም በስማቸው ጸልዩ፤ የስም ዝርዝራቸው በር ላይ አለ። ስለዚያ የአይሱዙ ሾፌርም ጸልዩ።

ከዚህ በኋላ ሻይ ተዘጋጅቶአል። ነገ ወደ ባቲ የሚነሣው መኪና በግቢው በስተግራ ቆሞአል። ጀሪካኖቹ ዛሬ ተሞልተዋል፤ ገና ግን አልታሰሩም፤ ከጎማው አጠገብ መሬት ላይ ናቸው። ጋሼም እዚያው አሉ። ከእናንተ የፈለገ ወጥቶ ያንሣቸው። አንዱ 21 ኪሎ ያህል ነው።